ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?

ዓይን ለኪዋ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመሞከሪያ መስታወቶቿን ሣጥን ትከፍትና ሁለት መቶ ስድሳ ስድስቱንም ክብ መስታወት አንድ በአንድ እያወጣች ትወለውላለች። ከላይኛው ረድፍ የግራ ጥግ ትጀምራለች፣ በታችኛው ረድፍ የቀኝ ጥግ ትጨርሳለች። መሐል ላይ ስልክ ከጠራ፣ ወይም የቸኮለ ደንበኛ በሩን ገፍቶ ከገባ፣ የት ደርሼ ነበር ብላ አትጨነቅም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ከዚያ ጨርቁን አራት ቦታ ታጥፋለች፣ ወንበሩን ታስተካክላለች፣ የመጀመሪያውን ደንበኛ ታስቀምጥና ቀኑን ሙሉ ስትለው የምትውለውን ትላለች።

«ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?»

መራጭ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ብርቱካን ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ አንዱን እያነሣ አንዱን የሚጥል አጎት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጫማ ስትለካ ውላ አሮጌ ጫማዋን አድርጋ የምትመለስ እህት፣ ምግብ ቤት ገብቶ ፀሐይም ነፋስም የማይደርስበት፣ ግን ከመስኮቱ ያልራቀ ወንበር ካላገኘ የማይቀመጥ ጓደኛ ሁሉም ሰው አለው። እነዚህ ግን ገና ተማሪዎች ናቸው። የመራጮች ሁሉ ቁንጮ፣ የብርቱካንና የጫማ መራጮች ስትገባ ከወንበራቸው ብድግ የሚሉላት፣ ሰው የምትመርጠው ናት። የኛዋ ዓይን ለኪ ባል ለመምረጥ ከተቀመጠች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁንም እንደተቀመጠች ናት።

ቤተሰቧ «ዳኛዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ያወጣችላትም በፍቅር ሳይሆን በድካም ነው። አክስትየዋ ለእህቷ ልጅ ባል የመፈለጉን ሥራ ማንም ሳይሾማት የያዘች፣ በከተማው ያለውን ያላገባ፣ አግብቶ የፈታና ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ሁሉ ከነአድራሻው የምታውቅ ሴት ናት። እጩ ታገኛለች፣ ታጣራለች፣ እሁድ በስምንት ሰዓት ሳሎኗ ውስጥ ያለው ቡናማ ሶፋ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሻይ ታቀርባለች። ከዚያ «የጣድኩት ነገር አለ» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር ኖሮ አያውቅም።

ክብርት ዳኛ ታያለች፣ ትሰማለች፣ ትጠይቃለች። ፍርዱ ግን እሁድ አይሰጥም። ፍርዱ የሚሰጠው ሰኞ በአራት ሰዓት፣ በሻይ እረፍት፣ በመነጽር ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ይግባኝ የለውም።

ችሎቱን የሚታደመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሰው መስታወቱን በፍሬሙ ልክ እየሞረደ የሚገጥም ባለሙያ ነው፤ በቤቱ ሁሉም ሞራጁ ይለዋል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ጣቶቹ የመስታወት ብናኝ አይለያቸውም። እሱ ያለበትን የኋላ ክፍልና እሷ ያለችበትን የፊት ክፍል የሚያገናኝ፣ መጽሐፍ ገልጠው ቢያስቀምጡበት የሚሞላ ትንሽ መስኮት አለ። የልኬት ወረቀት በዚያ ይገባል፣ የተገጠመ መነጽር በዚያ ይወጣል። ድምፅም በዚያው ያልፋል። የሻይ ማፍያው የኋላ ክፍል ስለሆነ እሷ ሰኞ ሰኞ ወደሱ ትመጣለች፤ ከመሞረጃው ማሽን አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ትፈርዳለች።

ሞራጁ የዳኛዋ ነገር የያዘው ሥራ በገባ በሁለተኛው ወር ነው። ቀኑን ያስታውሰዋል። አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እሷ መስታወት በቀየረች ቁጥር የምትወደውን መልስ ለመገመት ይጨነቁ ነበር፤ «ይኼኛው፣ አይ ያኛው ይሁን፣ አንቺ የቱን ትያለሽ ልጄ?» ይላሉ። እሷ መስታወቱን አስቀመጠች። «አባባ፣ እዚህ ትክክለኛ መልስ የለም፤» አለቻቸው። «የሚታይዎትን ብቻ ይንገሩኝ።» ሞራጁ በመስኮቱ ወዲያ ማሽኑን አጠፋ። እንዲህ ባለ ድምፅ የሚታየውን ንገረኝ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልገጠመውም ነበር።

ሊነግራት አሰበ። ሲያስብ እሁድ መጣ፣ የመጀመሪያው እጩ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ሰኞ ሆነ።

የመጀመሪያው እጩ መሐንዲስ ነበር። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያስብለው፣ ድልድይ የሠራ፣ አክስትየዋ ከመምጣቱ በፊት ለመጋረጃ ቀለም ማማረጥ የጀመረችለት ሰው። «ሻይ ሲጠጣ ይሰማል፤» አለች ዳኛዋ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በዚያች ደቂቃ ሞራጁ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሊስብ ነበር። ሻይን በእሳትነቱ፣ ከአየር ጋር እያማታ፣ ከሩቅ በሚሰማ ፉጨት መጠጣት አባቱ ያወረሰው ብቸኛ ነገር ነው። ብርጭቆውን አንድም ሳይጎነጭ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ እንደ መድኃኒት በዝምታ ይውጠዋል። እናቱ በሳምንቱ ጉሮሮውን ዳበሰችው። ደህና ነኝ ቢላትም አላመነችውም፤ ማር በሙቅ ውሃ አጠጣችው።

እዚህ ላይ የሞራጁን ሐሳብ መረዳት ያስፈልጋል። ሞኝ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ መስታወት ይዞ ትርፉን ትርፉን እየሞረደ ፍሬሙ ውስጥ እስኪገባ ማድረስ። ፍሬሙ ከታወቀ የቀረው ትዕግሥት ነው። ዳኛዋ ደግሞ የፍሬሙን ልክ በየጊዜው በገዛ አፏ ትነግረዋለች። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ይሰማል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሞርዳል።

ሁለተኛው እጩ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ቀድሞ እየጨረሰ አስቸገራት። ሞራጁ ከዚያ በኋላ ማንም ሲያናግረው በልቡ እስከ ሦስት ቆጥሮ መመለስ ጀመረ፤ ደንበኞች ጆሮው ደከም ያለ ነው ብለው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉለት ያዙ። አንዱ የጫማውን ተረከዝ ረግጦ መጣ፤ ሞራጁ ጫማውን አሠርቶ በማንኪያ ማድረግ ለመደ። ሌላው ቀልዱ ሳያልቅ ራሱ ይስቃል ተባለ። ሞራጁ ቀልድ ያውቅ ነበር፤ ተወው። ጠበቃው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ገባሽ?» እያለ አሰልችቷት ነበርና ሞራጁም «ገባሽ» የሚለውን ቃል ከአፉ ነቅሎ ጣለ፤ ገባኝ ማለትንም አብሮ ፈራ። አንደኛው፣ የአክስትየዋ የቤት ሠራተኛ ውሃ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አላያትም ተብሎ ሲባረር ብቻ ሞራጁ የሚሞርደው ነገር አጣና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ሰው ዳኛዋን በዚህ ይስቅባታል። ለሻይ፣ ለተረከዝ፣ ለአንድ ቃል ብላ ስንት ሸጋ ወንድ መለሰች ይባላል። አክስትየዋ ራሷ አንድ ቀን መነጽር ቤቱ ድረስ መጥታ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ሞራጁን፣ አንተ ልጅ፣ እስቲ አንተ ምከራት፣ የኔን አትሰማም ብላዋለች። ሞራጁ እስከ ሦስት ቆጠረና እሺ አክስቴ አለ። አልመከራትም።

ዘጠነኛው ግን ሌላ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ለስላሳ፣ ሲያዳምጥ ጭንቅላቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። ሦስት እሁድ በተከታታይ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። በሦስቱም ሰኞ ችሎት አልነበረም፤ ዳኛዋ ሻይዋን ጠጥታ፣ መንገዱን በመስኮት አይታ ትሄዳለች። ሞራጁ በዚያ ወር አራት መስታወት ሰበረ። አራተኛው ሰኞ ላይ መጣች፣ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«ሰዓቱን አየ፤» አለች።

ሞራጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እናቴ የሞተች ቀን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ምን እንደተባልኩ እየነገርኩት ነበር። ለማንም ነግሬው አላውቅም። መሐል ላይ ሰዓቱን አየ። ብዙ አይደለም፣ እንዲህ።» ዓይኗን ብቻ ወደ እጅ አንጓዋ ዝቅ አድርጋ አሳየችው።

ያን ቀን ሞራጁ የሻይም፣ የተረከዝም፣ የ«ገባሽ»ም ፍርድ ከየት እንደመጣ የተረዳ መሰለው። ዳኛዋ እንከን እየለቀመች አይደለም፤ የሆነ ነገር እየፈለገች ነው፣ ያንን ነገር ግን ስሙን ስለማታውቀው የምታውቀው ሲጎድል ብቻ ነው። ይህን ተረድቶም ያደረገው ያው የለመደውን ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የማሰሪያው ነጭ ምልክት ከአንጓው ላይ ለመጥፋት አንድ ዓመት ፈጀ።

አሥረኛው እጩ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በጣቱ ሁለት ጊዜ ቆርቆር ያደርግ ነበር። ለምን ብላ ጠየቀችው፤ እንዲሁ ልማድ ነው አላት። «ለምን እንደሚያደርገው የማያውቀውን ነገር በየቀኑ የሚያደርግ ሰው፤» ብላ ፋይሉን ዘጋች።

ይህ ፍርድ ሞራጁን ክፉኛ መታው። ምክንያቱም ሞራጁ አንድ ልማድ አለው። አንድ መነጽር ገጥሞ ሲጨርስ የራሱ ዓይን ላይ ያደርገውና በኋላ ክፍሉ ትልቅ መስኮት መንገዱን ያያል። የቤቱ ባለቤት ዶክተሩ አንድ ጊዜ አይተውት ስቀውበታል፤ የሰው መነጽር ባንተ ዓይን ምን ሊታይህ ነው ብለውታል። እውነታቸውን ነው። ምንም አይታየውም፤ አውቶቡሶቹ ይቀልጣሉ፣ ሰዎቹ ጭጋግ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ራሱን ያመዋል። ቢሆንም ያለዚያ መነጽር በትንሿ መስኮት አሳልፎ አያውቅም ነበር። ከአሥረኛው እጩ ማግስት ጀምሮ ይህንንም ተወ። በብዙ ከበደው። ከሻዩም ከሰዓቱም ይልቅ ከበደው።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ሞራጁ ተሞርዶ አልቋል። በዝምታ ይጠጣል፣ ሳይቸኩል ይመልሳል፣ ጫማው ቀጥ ያለ ነው፣ አይቀልድም፣ ሰዓት አያይም፣ ልማድ የለውም። በዳኛዋ ፍሬም ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አልቀረም። በሚቀጥለው ወር፣ አለ ለራሱ፣ እነግራታለሁ።

አሥራ አንደኛው እጩ ፋርማሲስት ነበር። አክስትየዋ ስልክ ላይ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ነው ስለሱ ያወራችው። ሰኞ በአራት ሰዓት ዳኛዋ መጣች። ሞራጁ ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ ጠበቀ፤ ከዚህ በኋላ የሚሞርደው ምን ሊቀር ይችላል?

«ምንም አላገኘሁበትም፤» አለች።

«እህ?»

«ምንም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግሁ። የሚናገረው ልክ ነው፣ አቀማመጡ ልክ ነው፣ ዝም የሚለው እንኳ በልኩ ነው።» ብርጭቆዋን አዞረችው። «ሰውየው አልመጣም። ልብሱን ነው የላከው።»

ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሞራጁ በርጩማዋን ሲያይ ቆየ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየሞረደ የነበረው መስታወት እጁ ላይ እንዳለቀ ገባው። ከሰዓት በኋላ የመጣለትን የልኬት ወረቀት በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ሆኖ አነበበው፤ ወረቀቱን ከወትሮው ራቅ አድርጎ ይዞ ነበር። ሞረደ፣ ገጠመ፣ ፈረመ፣ በመስኮቱ አሳለፈ።

በዘጠነኛው ቀን የመነጽሩ ባለቤት ስልከኛዋ መጡ። ስልከኛዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ አሁንም ሲናገሩ ቃላቸውን ለያይተው፣ መስመር እንዳይቆረጥ የሚጠነቀቁ ይመስላል። ጉልበታቸው ላይ ፋሻ አለ። ወቀሳ አላመጡም። መነጽራችሁ ጥሩ ነው፣ ክፉው የኔ ዓይን ነው፣ አልለምድ አለ ብለው ጀመሩ። ወለሉ ከፍ ዝቅ ይልባቸዋል፣ ሻይ ከብርጭቆው ውጭ ይቀዳሉ፣ ትናንት የመጨረሻው ደረጃ ያለ መስሏቸው የሌለ ደረጃ ረገጡ። ዕድሜ ነው፣ መቼም።

ዳኛዋ መነጽሩን ተቀብላ መለኪያው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጊዜ ለካች። ገልብጣ ለካች። ከዚያ እጇን ከመለኪያው ላይ ሳታነሣ ቆመች። የቀኙ መስታወት በግራ፣ የግራው በቀኝ ገብቷል።

በዚህ ቤት ሕግ አለ። ቤቱ የዶክተሩ ነው፤ ዶክተሩ እሳቸውም ጡረታ የወጡ፣ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያነቡ የዓይን ሐኪም ናቸው። ሕጋቸው አንድ መስመር ነው። ተገልብጦ የወጣ መነጽር፣ ያወጣውን ሰው ይዞት ይወጣል። ሞራጁ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራ ያገኘው ከሱ በፊት የነበረው ሞራጅ በዚሁ ሕግ ስለወጣ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የልኬት ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ የገጠመው፣ ሁለተኛው መልሶ የለካው።

ዶክተሩ የስልከኛዋን ድምፅ ሰምተው ከፎቅ ወርደው ነበር። ፋሻውን አዩ፣ መለኪያውን አዩ፣ ወረቀቱን አነሡ።

ሞራጁ ከኋላ ክፍል ወጣ። እስከ ሦስት አልቆጠረም። «እኔ ነኝ፤» አለ። «እማማ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ሲናገር የሚያየው ስልከኛዋን ነበር፤ ዳኛዋን ለማየት አልደፈረም። ትንሿ መስኮት፣ በርጩማዋ፣ ሰኞ በአራት ሰዓት፣ ሁሉም በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከእጁ እንደወጣ ያውቃል።

«እዚህ ሁለት ፊርማ አለ፤» አሉ ዶክተሩ፣ ቀስ ብለው።

«የኔ ነው፤» አለች ዳኛዋ።

«ለክተሽ ነው የፈረምሽው?»

«አይደለም።»

«አንቺ?» ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለት መቶ ስድሳ ስድስቱን መስታወት ስልክ በጠራ ቁጥር እንደ አዲስ ስትወለውል የሚያይዋት ሴት ናት። «ለምን?»

«የሱን አልለካም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«የመጀመሪያውን ወር ለካሁ። ከዚያ ተውኩ።» ፊቷ ቀላ፤ ድምፅዋ ግን ችሎት ላይ እንዳለችው ነበር። «የገጠመውን መነጽር ሁሉ የራሱ ዓይን ላይ አድርጎ መንገዱን ሲያይበት አየሁት። የማያውቀው ሰው መነጽር ነው። ከዚያ በኋላ እሱን መለካት ሰው መጠራጠር መሰለኝ።»

ሞራጁ ሰምቷል፤ የሰማው ግን ከጆሮው ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ወሰደበት።

ዶክተሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሕጉን ዛሬ ካስከበርኩ ነገ ይህን ሱቅ የምከፍተው ብቻዬን ነው አሉ። ስልከኛዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው፣ ስልክ ማንሣት እኔ እችላለሁ አሉ። ዶክተሩ ሳቁን ሊይዙት ሞከሩ፣ አልቻሉም። መነጽሩ አሁኑኑ ይስተካከል፣ ጉልበታቸውንም እኔ አየዋለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የማንም መነጽር ሳይለካ በዚህ በር አይወጣም ብለው እማማን ይዘው ወደ ፎቅ ወጡ።

ሞራጁ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። መስታወቶቹን አወጣ፣ ቦታ ለቦታ ቀያየራቸው፣ ጠርዛቸውን አስተካከለ፣ ገጠማቸው። መነጽሩን ወደ ትንሿ መስኮት ሲዘረጋ እጇ አልተቀበለውም። ዳኛዋ በመስኮቱ ወዲያ ቆማ ታየዋለች።

«አታይበትም?»

«ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

ሞራጁ አመነታ። «አሥረኛው ሰውዬ ወንበር ይቆረቁር ነበር።»

አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ሲገባት ከፊቷ ላይ ታየ። ዞራ በበሩ ገብታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሰኞ አይደለም፣ ሻይም አልፈላም።

«ሻዩን የተውከውስ?»

«መሐንዲሱ።»

«ጉሮሮህን ያመመህ መስሎኝ ነበር። ቀልዱስ? ስትገባ ትቀልድ ነበር።»

«አራተኛው።»

«ሰዓትህ?» ብላ አቆመች። መልሱን ራሷ ታውቀዋለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ተቀምጠህ ነበር ማለት ነው?»

«ከኋላ ወንበር።»

«ያንተን ፋይል ማን ከፈተው?»

«ራሴ።»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ያን ሰውዬ ወንበር ስለቆረቆረ አይደለም የመለስኩት፤» አለች። «ለምን እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር። አንተ ለምን እንደምታይበት ታውቃለህ?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሞራጁ መነጽሩን በእጁ እያገላበጠ አሰበ። «አውቶቡሱ ሲቀልጥብኝ፣» አለ፣ «ሰውየው ያለ መነጽር እንዲህ ነው የሚያየው እላለሁ። ያኔ እጄ ይጠነቀቃል።»

ዳኛዋ ተነሣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የልኬት ወረቀት አንሥታ ሰጠችውና አንብበው አለችው። ክንዱን ዘርግቶ ያዘው። እሷ ክንዱን አየች። «ይኼስ ከስንተኛው ነው?» አለች። ከማንም አለመሆኑን፣ ፊደሉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየደቀቀበት መምጣቱን አመነ። ዘጠኝ ዓመት መነጽር ቤት ሠርቶ ያ ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም።

አስቀመጠችው። የመሞከሪያውን ፍሬም ጆሮው ላይ ስታሳርፍ ጣቶቿ ጨርቅ ጨርቅ ይሸታሉ። ሣጥኑን ከፈተች፣ አንድ መስታወት አስገባች፣ አወጣች፣ ሌላ አስገባች።

«ይኼኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?»

ሞራጁ እስከ ሦስት ቆጠረ። የቱን ብል ደስ ይላታል? የመጀመሪያውን ስታስገባ እጇ ዘገየ፤ ምናልባት እሱን ነው የምትፈልገው። «ይኼኛው፤» አለ። «ወይም ያኛው። አንቺ የቱን...»

መስታወቱን ከፊቱ ላይ አነሣችው። ያለ መስታወት ፊቷ ቅርብ ነበር፤ ከቅርብ ሲያየው ትንሽ ደብዘዝ ይላል።

«እዚህ ትክክለኛ መልስ የለም፤» አለችው። «የሚታይህን ንገረኝ።»

ነገራት። ስለ መስታወቱ የነገራት ጥቂት ነው፤ የቀረው ረዘም ያለ ነበር፤ ከአንድ ሽማግሌና ከጠፋ ማሽን ይጀምራል። እየነገራት ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፣ አንድ ጊዜም ሳይታወቀው «ገባሽ?» አለ። አልተቆጣችም። ስታዳምጥ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት አልሄደም፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ። የደወለችው አክስትየዋ ናት፤ አሥራ ሁለተኛውን እጩ፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አግኝታ ነበር።

ዳኛዋ ዘግይታ ደወለችላት። መምህሩን ይቅርታ ጠይቂልኝ አለች። አክስትየዋ ደግሞ ምን ተገኘበት፣ ገና ሳታዪው ብላ ስትጀምር፣ ምንም አልተገኘበትም፣ እሁድ ግን ሰው የማመጣው እኔ ነኝ አለቻት። ከዚያ አክስትየዋ፣ እንከኑ ምንድን ነው፣ አስቀድመሽ ንገሪኝ አለች።

«ብዙ ነው፤» አለች ዳኛዋ። «ዘጠኝ ዓመት ደብቆት ነበር።»

የስልከኛዋ መነጽር በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ አንድ ጊዜም መንገዱ ታይቶበት ወጣ። የሞራጁ የማንበቢያ መነጽር ለዓርብ ይደርሳል። እሁድ በስምንት ሰዓት ቡናማው ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ አክስትየዋ ሻዩን በትኩሱ ታቀርባለች።